ግራዋና የአባቴ ቆሽት

ያን ጊዜ ሥራዬ ቅጠል መልቀም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "ላብራቶሪ ነው የምሠራው" እላለሁ እንጂ የሳምንቱን እኩሌታ የማሳልፈው ጆንያና መቀስ ይዤ በየአጥሩ ሥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርምር ክፍል በቴክኒሺያንነት ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የምትመራመር፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይርቅ ዶክተር ናት። ጥያቄዋ በአጭሩ ይህ ነበር፦ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ አስቀድሞ የተሰጠው አካል፣ ቆሽትን የሚጎዳ ነገር ሲመጣበት ይቋቋመዋል ወይ?

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅጠሉ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል። ውሃው እንዲተን ሲደረግ ከታች የሚቀረው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። ከአንድ ጆንያ ቅጠል የሚገኘው አንዲት ብልቃጥ አይሞላም። ያንን በጥብጠን ለነጫጭ አይጦች በየጠዋቱ በቀጭን ቱቦ እንሰጣቸዋለን። ከሳምንታት በኋላ ቆሽት የሚያስቆጣ ኬሚካል ይወጋሉ። በመጨረሻ ቆሽታቸው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የአይጦቹ ሽታ ከልብሴ ስለማይለቅ እናቴ ጋውኔን ከደጅ ሳታስወልቀኝ ቤት አታስገባኝም ነበር።

አለቃዬ ቅጠሉ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተለቀመ ኃይሉ የዛፉ ይሁን የአፈሩ አይለይም ብላ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ዳርቻዎች እንድለቅም አደረገች። እያንዳንዱ ዛፍ የቆመበትን ቦታ በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ለክቼ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ነበረብኝ። በሌላ ዘመን ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ያ ጊዜ ግን የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞችና የገበሬውን መሬት ልትውጥ ነው የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። ማሳ ዳር ቆሞ መሣሪያ የሚያይ፣ አይቶም ቁጥር የሚጽፍ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

የምንኖረው ሰበታ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ እዚያው የቅመማ ቅመም ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ ከጎን ደግሞ ሳሙናና ክብሪት ይሸጣል። ኦሮምኛው ከአማርኛው ይጣፍጣል ይሉታል ገበያተኞቹ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ዒድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከባንኮኒው ኋላ ተጎንብሶ ቀረ። ሕመሙ ከደረቱ በታች ጀምሮ እስከ ጀርባው እንደ ቀበቶ ይዞረዋል። ያስመልሰዋል። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ምግብ ተከልክሎ፣ በጉሉኮስ ሰነበተ። ሐኪሞቹ ቆሽትህ ተቆጥቷል አሉት። ያስቆጣው ከሐሞት ከረጢቱ የወጣ ጠጠር ነው፤ ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ካልወጣ ሕመሙ ይመለስብሃል ብለው አስጠነቀቁት።

"ሃያ ዓመት ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ያልተቆጣ ቆሽት አሁን ምን አገኘው?" እያለ ሊጠይቁት የመጡትን ያስቅ ነበር። ቀዶ ጥገናውን ግን እሺ አላለም። ታላቅ ወንድሙ ቀላል ነው በተባለ ነገር ቢላ ሥር ገብቶ አልወጣም። አባቴ ያን ቀን ሬሳ ክፍል በር ላይ የቆመውን ያህል የትም ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሞቹን አመስግኖ፣ ዱዓ አድርጎላቸው፣ ቤቱ ገባ።

የሰበታ ቅጠሌን የምለቅመው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በተፍኪ መንገድ፣ ከአንድ ሽማግሌ ይዞታ ነበር። አካባቢው ሁሉ በአክብሮት ኦቦ ይላቸዋል። ከወንዙ ዳር ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ የግራዋ አጥር አላቸው። እሳቸው በኦሮምኛ እቢቻ ነው የሚሉት። ስኳር ላለበት፣ ሆዱን ለሚነፋው፣ ትኩሳት ለያዘው መንገደኛ ቅጠሉን አሽተው ጨምቀው ይሰጣሉ። የአባቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ስለነበሩ መታመሙን ሲሰሙ ጭማቂውን በውሃ ላስቲክ ሞልተው አመጡለት። አባቴ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፊቱን አጨማዶ አንድ ሲኒ ይጠጣ ጀመር።

አንድ ቀን ቅጠል ስለቅም ጠየቅኳቸው።

"ኦቦ፣ ይከላከላል ይላሉ?"

"ምኑን?"

"የቆሽት ሕመምን።"

"እኔ ቆሽት አይቼ አላውቅም፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰው ጠጥቶ ተሻለኝ ሲል እሰማለሁ። ያልተሻለው ተመልሶ አይመጣም። እሱን ማን ይጠይቀዋል?"

ይህን ቃላቸውን ያኔ በደንብ ብሰማው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

የመጀመሪያው ዙር ሙከራ ያለቀው መስከረም ላይ ነው። አለቃዬ ማይክሮስኮፑን ለቀቀችልኝና "እይ" አለችኝ። ኬሚካሉ ብቻ የተወጉት አይጦች ቆሽት አብጦ፣ ሴሎቹ ፈራርሰው፣ ዝናብ የመታው የጭቃ ግድግዳ መስሏል። አስቀድመው ግራዋ የጠጡት ግን አብዛኛው ሴላቸው በመልኩ ቆሟል። ደስታዬን አይታ ወዲያው አቀዘቀዘችኝ። "ጥቂት አይጦች ናቸው። ደግመን ሳናየው ለማንም አይወራም" አለች።

እኔ ግን አወራሁ። የዚያኑ ቀን እራት ላይ፣ ለአባቴና ለእናቴ።

"ቅጠሉን ቀድመው የጠጡት አይጦች ቆሽታቸው ደህና ነው" አልኩ።

አባቴ እጁን ከትሪው ላይ አነሳ። "ቀድመው የጠጡት?"

"አዎ። ግን…"

"እኔም ቀድሜ እየጠጣሁ ነው" አለ ወደ እናቴ ዞሮ። "ሰማሽ? የተማረችው ልጅሽ ነች ያለችው። ቢላው ቀረ ማለት ነው።"

እናቴ ከብዙ ወራት በኋላ ፊቷ ፈታ ሲል አየሁ። ያንን ፊት መልሼ ማጥቆር አቃተኝ። "ግን" ያልኩትን ሳልጨርሰው ቀረሁ። የአይጦቹ ቆሽት የተጎዳው በኬሚካል እንደሆነ፣ የእሱ ግን በጠጠር እንደሆነ፣ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አውቅ ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በየቀኑ ትንሽ እየጠቆሩ ሄዱ። ቡራዩ ላይ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሦስት ሴቶች ተነስተው ከበቡኝ። አንዷ ደብተሬን ገልጣ ቁጥሮቹን ለሌሎቹ አሳየቻቸው። ማናቸውም አልሰደቡኝም። እርጥብ እጃቸውን አጣምረው እስከ አስፋልቱ ተከተሉኝና ታክሲ እስክገባ ቆመው ጠበቁ። ሱሉልታ ላይ አንድ ጎልማሳ ጂፒኤሱን ከእጄ ወሰደ። ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ በሌላ ድንጋይ መታው። ተረጋግቶ ነው ያደረገው፤ ቅንቅን የሚገድል ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ "ሂጂ" አለኝ። ሄድኩ።

የኦቦ ልጅ ደግሞ ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሕፃን አባት ነው፤ በፈረስ ጋሪ ዕቃና ሰው ያመላልሳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የሚያየኝ።

"ምንድነው የምትጽፊው?" አለኝ አንድ ቀን።

"ዛፉ ያለበትን ቦታ።"

"ዛፉ የትም አይሄድም። ለምን ይጻፋል?"

ስለ አፈር፣ ስለ ምርምር፣ ስለ አይጥ ነገርኩት። ፈረሱን እያሻሸ ሰማኝ። ስጨርስ፣ "የወንድሜን መሬት ሲወስዱም መጀመሪያ የመጣው ቁጥር የሚጽፍ ሰው ነው" አለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰበታ ገበያ ውስጥ ሳልፍ ከኋላዬ "መሬት የምትለካዋ" ሲባል መስማት ጀመርኩ። አባቴ ሱቅ የሚመጡ የገጠር ደንበኞች እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከማን እንደወጣ ገባኝ፤ ለአባቴ ግን አልነገርኩትም።

ኅዳር ሲገባ ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው አደባባይ ወጡ። መጀመሪያ ሩቅ ከተማ ነበር የሚባለው፤ ከዚያ ቀረበ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወታደር የጫኑ ኦራሎች በሱቃችን ፊት ወደ ላይም ወደ ታችም ይመላለሳሉ። ሹፌሮች ከሕዝቡ ጋር መሆናቸውን ለማሳየት መስታወታቸው ላይ ለምለም ቅጠል መሰካት ያዙ። አንድ ጠዋት ጆንያዬን ይዤ ሚኒባስ ስገባ ሹፌሩ "እህቴ፣ ከዛ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ስጪኝ" አለኝ። ሰጠሁት። ቀጥሎ ያለውም፣ ከኋላ ያለውም ለመነኝ። በዚያ ቀን ከሰበታ የወጡ ሦስት ሚኒባሶች የቆሽት መድኃኒት መስታወታቸው ላይ ሰክተው ሄዱ። ሰው ግን አልሳቀም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ ነበር የሚያየው።

መንገዱ የተዘጋው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ዙር ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ላብራቶሪ ያለው ጭማቂ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ አዲሱ የደረቀ ቅጠል እኔ ጋ፣ ሰበታ ነው። አለቃዬ ደውላ "እንዴት አድርገሽም ቢሆን አምጪው፤ አይጦቹ አንድ ቀን ካለፋቸው ሥራው ይበላሻል" አለችኝ። ውጭ ወጥቼ አየሁ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ መኪና የሚባል የለም። በማግስቱ ስልኩም ጠፋ።

የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ሱብሒ ሰግዶ ከመስገጃው መነሳት አቃተው። እናቴ ስትጠራኝ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

"መጣ" አለኝ። "ያው ራሱ ነው።"

ጎረቤት አስተባብረን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ጉሉኮስ ሰካችለት፤ የሕመም ማስታገሻ ወጋችው። ከዚያ እኔን ወደ ጥግ ወሰደችኝ። "እዚህ የማደርግለት ይሄን ነው። ሁኔታው አላማረኝም፤ ሆስፒታል መድረስ አለበት። አምቡላንሳችን ትናንት ወጥቶ አልተመለሰም" አለች። እናቴ ክንዴን ይዛ፣ "ኦቦ ጋ ሩጪ፣ ጠንከር ያለውን ይስጡት" አለችኝ። እምነቷ ሁሉ እዚያ ነበር። እምነቱን የሰጠኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሮጥኩ። ኦቦ ሳይጠይቁኝ ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉኝ፤ ልጃቸውም ጋሪውን አጥምዶ ከኋላችን መጣ። ሽማግሌው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የአባቴን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱ። እንደ ጣውላ ደርቋል። እናቴ ለጭማቂው የቡና ሲኒ ይዛ ጠበቀቻቸው።

"ይጠጣ?" አለች።

"አይጠጣም" አሉ። "ይሄ በእኔ ቅጠል የሚያዝ አይደለም።"

"እንዴ ኦቦ፣ እስከ ዛሬ ሲጠጣው…"

"እስከ ዛሬ ደህና ስለነበረ ነው የጠጣው። ለታመመ ሆድ መራራ ብጨምርበት እገድለዋለሁ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። በኦሮምኛ፣ "እስከ አዲስ አበባ በር አድርሳቸው" አሉት።

ልጁ እኔን አየኝ። ከዚያ አባቴን አየው። ጋሪው ላይ ድርቆሽ ጎዘጎዘ፤ እናቴም ከቤት ያመጣችውን ቀይ ብርድ ልብስ አነጠፈችበት።

የጉሉኮሱን ላስቲክ ከፍ አድርጌ ይዤ ከአባቴ ራስጌ ተቀመጥኩ። እናቴ በእግሩ በኩል ሆነች። ከተማው ጭር ብሏል። በየበሩ ስንጥቅ ሰው ያየናል፤ የሚወጣ ግን የለም። የፈረሱ ኮቴ ብቻ ይሰማ ነበር። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር አባቴ "ያ አላህ" ይላል፤ ከዚያ ለኛ አዝኖ ዝም ይላል።

ከከተማው መውጫ ላይ መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ቆመዋል። ሠላሳ ይሆኑ፣ አርባ፣ አላስተዋልኩም። ድንጋዩን እስከ ጉልበት ደርድረውታል። የኦቦ ልጅ ወርዶ ሰላምታ ሰጠ፣ በሽተኛ መሆኑን ነገራቸው። ድንጋይ ማንሳት ጀምረው ነበር። ያኔ ከመካከላቸው አንዱ እኔን ለይቶ አወቀኝ።

"ቆዩ" አለ። "ይቺ እኮ ያቺ መሬት የምትለካዋ ናት።"

ድንጋይ ያነሱት መልሰው አስቀመጡ። አንዳንዶቹ ከእጃቸው አላስቀመጡትም። ጋሪውን ከበቡት። ኦሮምኛ እችላለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አንድም ቃል አልመጣልኝም። የጉሉኮሱን ላስቲክ የያዘው እጄ ዝቅ ብሎ ጠብታው መቆሙን አይቻለሁ። አባቴ ዓይኑን ገለጠና ማን ምን እንደሚል ሊሰማ ሞከረ።

የኦቦ ልጅ ወደ ፈረሱ ራስ ሄደ። ወሬውን የነዛው እሱ ነው፤ አሁን "አዎ" ቢል፣ ወይም ጭራሽ ምንም ባይል፣ ነገሩ ያልቃል። ልጓሙን በእጁ ጠቅልሎ ያዘና ለወጣቶቹ በኦሮምኛ እንዲህ አላቸው፦

"ያንን ያወራሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ቅጠል ለቃሚ ናት፣ ከእኛ አጥር ነው የምትለቅመው። አባትየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሱቁ ጨው በዱቤ ያልወሰደ ማን አለ? እሷን ካላመናችሁ እኔን ጠይቁኝ። ተመልሼ እመጣለሁ፣ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።"

ለእሱ ቀላል አልነበረም። በእኩዮቹ ፊት ተሳሳትኩ ማለቱ ፊቱን አቅልቶታል። ጥቂት ተጨቃጨቁ። ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ወጣት መንገድ እንዲከፈት በእጁ አመለከተ፤ ጋሪው ሊያልፍ የሚችልበትን ያህል ብቻ ከፈቱልን። ሳልፍ ያወቀኝ ልጅ ዓይኔን እያየ፣ "አባትሽን አላህ ይማረው" አለኝ በአማርኛ። ምርቃት ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ዓለም ገናን አልፈን የወታደሮቹ ኬላ ጋ ደረስን። ጋሪው እንዲቆም ተደረገ። አዛዣቸው የለበሰውን ጋቢ ገልጦ አባቴን አየ፣ መርፌውን አየ፣ መታወቂያችንን ገለበጠ። "በሽተኛውና ሴቶቹ ይለፉ። ጋሪው ይመለሳል" አለ። ከወዲያ በኩል የቆመ አንድ ፒክአፕ ነበር፤ ሹፌሩ ሊወስደን ተስማማ። የኦቦ ልጅ አባቴን በሁለት እጁ አቅፎ አሻገረው፤ እንደ ሕፃን ነው የተሸከመው። ሲያስተኛው አባቴ በኦሮምኛ "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብሎ አመሰገነው። እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ስለነበር፣ የተናገርኩት ይሰማው አይሰማው አላወቅኩም። በኋላ መስታወት ሳየው ጋሪውን እያዞረ ነበር። ሁለት ወታደሮች ወደ እሱ ሲራመዱም አይቻለሁ። መታወቂያ ሊጠይቁት ነው ብዬ ዓይኔን ወደ አባቴ መለስኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር፣ ለሰዓታት የቆመ የሚመስል። ምርመራው ሲመጣ ጠራኝ። "አንድ ጠጠር ቱቦው ላይ ተሰክቷል። ቆሽቱ ራሱን መፍጨት ጀምሯል" አለኝ። "ባለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና ተነግሮት ነበር። ለምን ቀረ?"

"ግራዋ እየጠጣ ነበር።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዓይኑን ብቻ አሸ። "እናቴም ትጠጣለች። ግን ቱቦ ላይ ጠጠር ተሰክቶ ቅጠል ምን ያደርጋል?" አለና ወደ ውስጥ ገባ።

አባቴ ሦስት ሳምንት ተኛ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም ይተርፋል ብሎ አልነገረን። ጠጠሩን አወጡለት፤ ቁጣው ሲበርድ ከረጢቱንም ቆርጠው አወጡ። ፈቃዱን የፈረመው ራሱ ነው። ከመግባቱ በፊት እናቴ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ እኔን ጠራኝ።

"ያን ቀን እራት ላይ፣ ግን ብለሽ አቋረጥሽ" አለኝ። "ምን ልትዪ ነበር?"

ነገርኩት። ኬሚካልና ጠጠር አንድ እንዳልሆኑ፣ አይጦቹ ጥቂት እንደነበሩ፣ ለማንም አታውሪ ተብዬ እንደነበር። አልቅሼ ነው የነገርኩት። እስክጨርስ ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

"እኔም እኮ መስማት የፈለግኩትን ነው የሰማሁት" አለ። "ሁለተኛ ግን ለኔ ብለሽ አትዘኚልኝ። እውነቱን ንገሪኝ።"

የኦቦን ልጅ ነገር የሰማነው ሰበታ ስንመለስ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ ብቻውን ቤቱ ገብቷል፤ የእናቴ ቀይ ብርድ ልብስ እንዳለ ላዩ ላይ ነበር። ልጅየው ኬላው ላይ መያዙን እንጂ የት እንደተወሰደ ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ከፖሊስ ጣቢያ ጣቢያ፣ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ዞረው መልስ አላገኙም። አባቴ ይህን ሲሰማ የቀዶ ጥገናውን ቁስል በእጁ ደግፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "አሁን ነው ቆሽቴ ያረረው" አለ። ቀልድ አልነበረም፤ ማናችንም አልሳቅንም።

መራመድ ከቻለበት ቀን ጀምሮ አባቴ በየጁምዓው ከሶላት ሲወጣ ወደ ኦቦ ቤት ይሄድ ነበር። አብሬው ሄጃለሁ። የልጁ ሚስት በር ላይ ሕፃኗን አቅፋ ትቀመጣለች፤ እኔን ስታይ በታቀፈቻት ልጅ ላይ ነጠላዋን ትስባለች። አልፈርድባትም። ኦቦ አንድም ቀን በቃል አልወቀሱኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ያ የምትጽፊበት ደብተር አለ?" አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ይዤው ሄድኩ። ከሳቸው አጥር የለቀምኩበትን ገጽ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው፤ ቀኑን፣ የዛፉን ቁመት፣ የቦታውን ቁጥር። "ይኸው ነው?" አሉ። "ይኸው ነው።" "ቅደጂው" አሉኝ። ቀደድኩት። ለአለቃዬ ገጹ የጠፋበትን ምክንያት እንዳለ ነገርኳት።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። በሬዲዮ ስንሰማ አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገበያተኞች ግን እርስ በርስ ተያዩና ዕቃቸውን ተቀብለው ወጡ። ኦራሎቹ መመላለሳቸውን አላቆሙም።

ልጁ የተለቀቀው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከስቶ፣ ቀኝ ትከሻው ወድቆ መጣ። የት እንደነበረ ለአባቱም አልተናገረም። ልንጠይቀው ስንገባ ተነስቶ ለአባቴ ወንበር ለቀቀለት። አባቴ የያዘውን ንግግር ሁሉ ረስቶ እጁን ይዞት ቁጭ አለ።

"ተሻለዎት?" አለው ልጁ።

"ተሻለኝ።"

"ቆረጡዎት?"

አባቴ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየው። ልጁ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይጦቹስ?" አለኝ። ስለ ሥራዬ ያለ ጥርጣሬ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

እውነቱን ነገርኩት። መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ጭማቂው ስላቋረጠ ሁለተኛው ዙር ተበላሽቷል። ሦስተኛውን ሠራን። ግራዋ የጠጡት አሁንም ካልጠጡት ተሽለዋል፣ ልዩነቱ ግን መጀመሪያ ካየነው ያነሰ ነው። አለቃዬ እንደዚያው አድርጋ ጻፈችው። ኬሚካል ሲሆን ጥቂት ይከላከላል፤ ጠጠርን አይከላከልም። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ጋሪውን ከዚያ በኋላ አልነዳም፤ ትከሻው ልጓም መሳብ አልቻለም።

መስከረም ላይ ለመጨረሻው ሙከራ ቅጠል ልለቅም ሄድኩ። ኦቦ ወንዙ ዳር ቆመው ነበር፤ ከዘራቸውን መሬት ተክለው። ቀርቤ ሳይ ከግራዋው አጥር ወዲህና ወዲያ አራት አጫጭር የእንጨት ችካሎች ተተክለዋል። ጫፋቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የአንዱ ችካል አፈር ገና እርጥብ ነበር።

"ማን ተከለው?" አልኩ።

"ጠዋት ስነሳ አገኘሁት። ሰው አላየሁም።" በከዘራቸው ወደ አንዱ ጠቆሙ። "የተጻፈ ነገር አለበት። ይነበባል?"

ተንበርክኬ አየሁ። "ቁጥር ነው፣ ኦቦ። ከቁጥር በቀር ምንም የለውም።"

"ፕላኑ ቀረ አላሉም?"

"ብለዋል።"

ወንዙን አሻግረው ጥቂት አዩ። ከዚያ ጆንያዬን ከእጄ ተቀብለው አፉን ከፈቱት። "ዛሬ ጥቂት አትልቀሚ" አሉኝ። "የቻልሽውን ያህል ውሰጂ።"

እሳቸው ከላይ ከላይ ቅርንጫፉን እያጎነበሱልኝ፣ እኔ እየቆረጥኩ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ለቀምን። ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም እጃችንን አቁመን እንሰማለን፤ ሲያልፍ እንቀጥላለን።